ስኳራችንን ለማውረድ እንጀምራለን፤ ለምን በመንገድ እናቆማለን?



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በማኅበራዊ ሠራተኛነት በማገለግልበት ከተማ በየሳምንቱ የማየው ነው። አንድ ሰው ከኩፓት ሖሊም “ስኳር አለብህ” ወይም “ስኳር ሊይዝህ ተቃርቧል” ተብሎ ይመለሳል። ይደነግጣል። በማግሥቱ ነጭ ዳቦ ይተዋል፣ ፔቴሉን ይደፋል፣ የስፖርት ጫማ ይገዛል፣ ማታ ማታ መናፈሻውን ይዞራል። እንዲህ ሆኖ አንድ ወር ይሄዳል፤ አንዳንዱም ስድስት ሳምንት። ከዚያ በኋላ ጫማው በር ሥር ተቀምጦ አቧራ ይለብሳል። ለምን እንደ ተወው ስጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ “ምን አገኘሁበት?”

እንዲህ ያለውን ሰው ሰነፍ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠችኝ እናቴ ናት።

እናቴ ከጎንደር ገጠር በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ስትመጣ ቀጭን፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ የማትል ሴት ነበረች። ውኃ ከምንጭ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ እህል ፈጭታ ነው ያደገችው። ያን ጊዜ የስኳር በሽታ በእኛ ማኅበረሰብ ብርቅ ነበር። በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ የመጡትን ወገኖቻችንን የመረመሩ ሐኪሞች ስኳር ያገኙት በጣም በጥቂቶች ላይ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ነገሩ ተለወጠ። ዛሬ በመካከላችን ስኳር የሌለበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ሐኪሞች በተለይ የሚያስተውሉት፣ ከእኛ ብዙ ሰዎች ሳይወፍሩ በስኳር መያዛቸውን ነው። ስለዚህ “እኔ ቀጭን ነኝ፣ አይነካኝም” የሚል ወንድም ካለ ይመርመር።

ምክንያቱን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። እግራችን ቆመ፤ አውቶቡስና ሊፍት ተተካ። አገር ቤት ውኃና ጠላ ይጠጣ የነበረበት ማዕድ ላይ ኮላና ፔቴል ተቀመጠ። ሻዩ ውስጥ ሦስትና አራት ማንኪያ ስኳር ገባ። ነጭ ዳቦ ርካሽ ነው፣ ሩዝ ለማብሰል ፈጣን ነው፤ በጥበቃ ወይም በጽዳት ሥራ አሥር ሰዓት ቆሞ የዋለ ሰውም ማታ የሚበላውን መርጦ ለመሥራት አቅም የለውም።

ወደ እናቴ ልመለስ። ስኳሯ በሦስት ወሩ የደም ምርመራ 7.9 ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት 8.4 ሆነ፤ በሦስተኛው ዓመት 8.9። ያን ጊዜ እኔና እኅቶቼ ከብበን ተቀምጠን ለመንናት። እሺ አለች። ፔቴሉን ተወች፣ የሻዩን ስኳር ከአራት ማንኪያ ወደ አንድ አወረደች፣ ከጎረቤቷ ጋር በየማታው መራመድ ጀመረች። በአምስተኛው ሳምንት ተመርምራ ውጤቱን ለመስማት ብቻዋን ሄደች፤ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። አሖቷ ኮምፒውተሩን እያየች “ኤን ሺኑይ” አለቻት። ለውጥ የለም ማለት ነው፤ ይህን ያህል ዕብራይስጥ እናቴም ታውቃለች። ቤት ገብታ ሻይ አፈላች፣ አራት ማንኪያ ስኳር ጨመረችና ጠጣችው። ማታ ስደውልላት “ልፋቴን ሁሉ ውኃ በላው” አለችኝ።

ወረቀቱን ሳየው 8.8 ይላል። አሖቷ አልዋሸችም፤ ከ8.9 ወደ 8.8 በሕክምና ቋንቋ ለውጥ አይባልም። ነገር ግን በየዓመቱ በግማሽ ነጥብ ሲወጣ የነበረ ቁጥር ቆሟል። ዳገት ሲወጣ የነበረ ሰው ቆመ ማለት ምንም አልሆነም ማለት ነውን? ይህን ለእናቴ የነገራት ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ነገር የምርመራው ጠባይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ተስፋ የሚቆረጠው በዚህ ነውና። ኤ-ዋን-ሲ የሚባለው ምርመራ የዛሬን ጧት ስኳር አይለካም። በደም ውስጥ ያለ ስኳር ቀዩ የደም ሕዋስ ላይ ይለጠፋል፤ ከተለጠፈ በኋላ ሕዋሱ እስኪሞት አብሮት ይኖራል። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ የሚኖረው ወደ 120 ቀን ገደማ ነው። ምርመራው እንግዲህ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አንድ ላይ ያያል፤ የመጨረሻው ወር ከሌሎቹ ይልቅ ይከብዳል እንጂ የቀደሙትም አይረሱም። እናቴ በአምስተኛው ሳምንት ስትመረመር በደሟ ውስጥ የፔቴሉን ዘመን የሚያስታውሱ ብዙ ሕዋሳት ነበሩ። ፍርድ የተሰጣት ገና ምስክሮቹ ሳይቀየሩ ነው። ስለዚህ ልማዱን ከቀየራችሁ ሦስት ወር ሳይሞላ ይህን ምርመራ ብታደርጉ ውጤቱን እንደ መጨረሻ ቃል አትውሰዱት። የደም ማነስ ያለበት ሰው ደግሞ ቁጥሩ ሊዛባ ስለሚችል ሐኪሙን ይጠይቅ።

ለማታውቁት፦ ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ስኳር ሊይዘው የተቃረበ ሰው ነው፤ 6.5 እና ከዚያ በላይ ስኳር ይባላል። ለብዙ ታማሚዎች ሐኪም የሚፈልገው ወደ 7 መድረሱን ነው፤ ለሽማግሌዎች ከፍ ሊል ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። ወላጆቻችን መድኃኒትን የሚያውቁት በፍጥነቱ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ጧት ይጠጣል፣ ያንገሸግሸዋል፣ ቀን ሳይመሽ የወጣውን በዓይኑ ያያል። መርፌ የተወጋ ልጅ ትኩሳቱ ይበርዳል። መድኃኒት ማለት እንዲህ ነበር። ስኳር ግን ሲመጣም ሳያሳምም ነው፣ ሲወርድም ድምፅ ሳያሰማ ነው። የማያመው ሰው እንዲታከም፣ የማያይ ሰው ደግሞ እንዲያምን ነው የምንጠይቀው። ከባድ ነገር መሆኑን እኛ ባለሙያዎች አንዳንዴ እንዘነጋዋለን።

የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሞዓዶን ለሚሰበሰቡ እናቶች የእግር ጉዞ ቡድን አቋቋምን። እንዲበረታቱ ብዬ “በአንድ ወር ውስጥ ለውጡን ታዩታላችሁ” አልኳቸው። አሥራ አራት ሆነው ጀመሩ። ወሩ ሲሞላ የመጡት ስድስት ናቸው። ከመጡት አንዷ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ እናት፣ እጄን ይዘው “ልጄ፣ ጤፍ ተዘርቶ በማግሥቱ ወፍጮ የሚወቅር ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? በወር ያልሽን አንቺ ነሽ” አሉኝ። ትክክል ናቸው። የዋሸሁት ቀን ነው ያባረራቸው።

ከዚያ በኋላ እኒህን እናት ደጋግሜ ስለ እርሻ ጠየቅኋቸው። በሐምሌ የተዘራ ጤፍ የሚታጨደው ኅዳር ገደማ ነው፤ ገበሬው ግን እስከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ አይቀመጥም። ቡቃያውን ያያል፣ ያርማል፣ ማሸቱን ያያል፣ መቢጫውን ያያል። በየደረጃው ምልክት አለው። ለሰውነታችንም እንዲሁ ምልክት አለ፤ ቁጥሩ ከመምጣቱ በፊት የሚታይ። ለቡድኑ አሁን የምናስተምረው ይህን ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚለወጠው በጣት መውጊያው መሣሪያ የሚታየው ስኳር ነው። ከምግብ በኋላ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ የተራመደ ሰው ጡንቻው ስኳሩን ከደም ይወስዳል፤ ለዚህ ሦስት ወር መጠበቅ አያስፈልግም። መሣሪያው ያላችሁ አንድ ቀን ምሳ በልታችሁ ተቀመጡና ከሁለት ሰዓት በኋላ ለኩ፤ በሌላ ቀን ያንኑ ምሳ በልታችሁ ተራመዱና በዚያው ሰዓት ለኩ። የሐኪም ስብከት ከሚያሳምነው ይልቅ ይህ ያሳምናል። ስኳራቸው በጣም ከፍ ብሎ የነበረ ሰዎች ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ጥማቸው ይቀንሳል፣ ሌሊት ለሽንት የሚነሡበት ጊዜ ያንሳል። በቡድናችን አንዲት እናት ያረጋገጡት በእንቅልፋቸው ነው፤ ሦስት ጊዜ ይነሡ የነበሩት አንድ ጊዜ ብቻ መነሣት ጀመሩ። ይህን በኩፓት ሖሊም ማንም አልጠየቃቸውም።

ጨው የቀነሰ ሰው የደም ግፊቱ በሁለትና በአራት ሳምንት ውስጥ ዝቅ ማለት ይጀምራል። ምላስም ይለምዳል፤ መጀመሪያ ላይ አልጫ የሆነበት ወጥ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይጣፍጠዋል፣ የጎረቤቱ ወጥ ደግሞ ጨው ይሆንበታል። ኮሌስትሮል ከአንድ ወር እስከ ሦስት ወር ይፈልጋል። ሚዛን ግን አታላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ቢቀንስ አብዛኛው ውኃ ነው፤ በኋላ ደግሞ ለሳምንታት ቀጥ ብሎ ይቆማል። እዚያ ላይ ነው ሰው ጫማውን የሚያወልቀው። እኔ በበኩሌ ከሚዛን ክር ይሻላል እላለሁ። ወገባችሁን በክር ለኩና ቋጥሩት፤ በየወሩ በዚያው ክር ለኩ። ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችን ይህን ለማንም ሳያሳዩ ራሳቸው ያነቡታል።

ትልቁ ውጤት ግን ጨርሶ የማይታየው ነው። ያልታወረ ዓይን፣ ያልተቈረጠ እግር፣ ዲያሊዛ ያልገባ ኩላሊት። ያልመጣን ነገር ማን ያያል? እዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። በ1986 በቻይና፣ ዳቺንግ በምትባል ከተማ፣ ስኳር ሊይዛቸው የተቃረቡ 577 ሰዎች በጥናት ተያዙ። ከፊሎቹ አመጋገባቸውን፣ ከፊሎቹ እንቅስቃሴያቸውን፣ ከፊሎቹም ሁለቱንም እንዲያሻሽሉ ለስድስት ዓመት ታገዙ፤ የቀሩት በነበሩበት ቀጠሉ። ስድስቱ ዓመት ሲያልቅ ካልታገዙት ከመቶ 68 ያህሉን ስኳር ይዟቸዋል፤ ከታገዙት ከመቶ ከ41 እስከ 46 ነው። ጥሩ ነው፤ ግን ልብ በሉ፣ ከታገዙትም ብዙዎችን ይዟል። ከእነርሱ መካከል “ምን አገኘሁበት?” ያለ ሳይኖር አይቀርም። ተመራማሪዎቹ መቁጠር አላቆሙም። በልብና በደም ሥር በሽታ በሚሞቱት ላይ በሃያኛው ዓመት እንኳ አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም። ልዩነቱ በግልጽ የወጣው በ23ኛው ዓመት ነው፤ ይህም በ2014 ታተመ። በ2019 የወጣው የሠላሳ ዓመት ቆጠራ ደግሞ የታገዙት ሰዎች ስኳር የያዛቸው በአማካይ አራት ዓመት ያህል ዘግይቶ መሆኑንና ዕድሜያቸውም መርዘሙን አሳየ። የስድስት ዓመት ልፋት ከሃያ ዓመት በኋላም እየሠራ ነበር ማለት ነው።

የአሜሪካኖቹ ጥናት ለትዕግሥት የለሾች ይሻላል። በ2002 ታተመ፤ 3,234 ሰዎች ነበሩበት። ከክብደታቸው ከመቶ ሰባት እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት፣ ሦስት ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው ከመቶ 58 ቀነሰ። ሰማንያ ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከመቶ ሰባት ማለት አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። እንደ ድሮ ፎቶግራፋችሁ እንድትሆኑ የጠየቃችሁ የለም።

እርምጃን በተመለከተ፣ የልጅ ልጆቻችን ስልካቸውን እያሳዩ “ሳቭታ፣ አሥር ሺህ ካልሞላሽ አይቈጠርም” ይላሉ። ይህ አሥር ሺህ የሚሉት ቁጥር በ1960ዎቹ ጃፓን ውስጥ ከተሸጠ የእርምጃ መቍጠሪያ ስም የመጣ እንጂ ሐኪም ያዘዘው አይደለም። በ2019 በወጣ በአማካይ 72 ዓመት በሆናቸው ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በቀን 4,400 ያህል የተራመዱት 2,700 ገደማ ከተራመዱት ይልቅ በሚቀጥሉት ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከ7,500 በኋላ ጥቅሙ ብዙም አልጨመረም። በሰንበት ወደ ምኵራብ በእግር የምትሄዱትም ይቈጠራል።

አሁን ወደ ልማድ። አዲስ ልማድ ራሱን ችሎ ሳያስቡት የሚሠራ እስኪሆን ስንት ቀን ይፈጃል? በለንደን በ96 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2009 የወጣ ጥናት በአማካይ 66 ቀን አግኝቷል፤ አንዳንዱ በ18 ቀን ለመደው፣ አንዳንዱ ደግሞ 254 ቀን ያስፈልገዋል ተብሎ ተገመተ። ለእኔ ከሁሉ ጠቃሚው ግኝት ሌላ ነው፤ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አያፈርሰውም። ከእኛ ሰው ጋር ስሠራ የማየው ግን የተገላቢጦሹ ነው። በሠርግ ላይ ኬክ ይበላና “እንግዲህ ተበላሽቷል” ብሎ ወሩን ሁሉ ይለቀዋል። የተበላሸው አንድ ማታ ነው።

አዲሱን ልማድ ካለው ላይ ማሰር ይረዳል። ልጅ ጋን ካደረሱ በኋላ ወደ ቤት በረጅሙ መንገድ መመለስ፣ ከቡና በኋላ መነሣት፣ መድኃኒቱን ከቡናው ስኒ አጠገብ ማስቀመጥ። ሰዓት መወሰን ለኛ ብዙም አይሠራም፤ “ከእገሌ በኋላ” ማለት ይሠራል። በቡድናችን የምንጠቀምበት ደግሞ ሽምብራ ነው። እያንዳንዷ እናት ወጥ ቤቷ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ታስቀምጣለች፤ በተራመደችበት ቀን አንድ ሽምብራ ትጥላለች። ፊደል አያስፈልገውም፣ ስልክ አያስፈልገውም። ሰነፍ የሆነችበት ሳምንት ቢኖር እንኳ ብርጭቆው አይጎድልም፤ መጨመር ያቆማል እንጂ ያለው አለ። ውጤቱን ማዘዝ አንችልም፤ መነሣትና መራመድ ግን በእጃችን ነው። ስለዚህ የምንቈጥረው እሱን ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሰው ቤት ነው። “አፈር ስሆን፣ አንዴ ጉረሽልኝ” ሲባል እምቢ የሚል አንጀት የማን ነው? ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ፣ ባር ሚጽቫ፣ ሁሉም በማጉረስ ነው። እዚህ ላይ የዲኤታኒቷ ወረቀት አይረዳም፤ ኮቴጅና ሰላጣ ይላል እንጂ ስለ አፈር ስሆን የሚለው የለም። እኔ የምመክረው ከበዓሉ በፊት ለባለቤቷ ደውሎ መንገር ነው፦ “እትዬ፣ ስኳር ይዞኛል፤ ያንቺን ሽሮና ጎመን እበላለሁ፣ ጣፋጩን ግን አትለምኚኝ”። ባለቤቷ ቀድማ ካወቀች ጠባቂያችሁ ትሆናለች፤ ሌላው ሲያጎርሳችሁ እሷ ትከላከላለች። ድግስ የምትደግሱም እባካችሁ ከኮላው ጎን የውኃ ጆግ አስቀምጡ። ውኃ ለመጠየቅ የሚያፍር ስንት ሽማግሌ አለ መሰላችሁ።

ስለ ራሳችን ምግብ ደግሞ አትፈሩ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ለስኳር ታማሚ ጥሩ ነው። እንጀራም የተከለከለ አይደለም፤ ግን ጤፍ ቢሆንም ስኳርን ከፍ ያደርጋልና አንዱ ይብቃ። ከሱቅ ስትገዙ ከ2020 ጀምሮ በማሸጊያው ላይ የሚለጠፈውን ቀይ ምልክት ተመልከቱ፤ ስኳር፣ ጨው ወይም ቅባት መብዛቱን በሥዕል ስለሚያሳይ ዕብራይስጥ ማንበብ አይጠይቅም።

አንድ ጥንቃቄ። ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የምትወስዱ፣ ምግብ በአንዴ ከመቀነሳችሁና ብዙ ከመራመዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ። ስኳር ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ምልክቱ ነው። ፔቴል ያን ጊዜ ብቻ መድኃኒት ነው። ለኪፑርና ለስግድ ጾምም ቀድማችሁ ጠይቁ። ቁጥሩ ሲሻሻል “ድኛለሁ” ብሎ ክኒኑን በራስ መተውም አይገባም፤ ይህን አድርገው በአምቡላንስ የሄዱ አውቃለሁ።

እናቴ በዚያ በአራት ማንኪያው ሻይ አልቀረችም። ነገሩን በሽምብራና በክር አስረዳኋት፤ ሦስት ቀን ተኰራርፈን በአራተኛው ተነሥታ ከጎረቤቷ ጋር ሄደች። ከሦስት ወር በኋላ አብሬያት ገባሁ። 8.1 ነበር። ከዚያ በቀጣዩ ምርመራ 7.4 ሆነ፤ ከቲሽሬ በዓላት በኋላ ደግሞ 7.6 ወጣ። እሱን ስትሰማ ፊቷን አየሁት፤ ሻይ የምታፈላ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። “በዓል ነበረ” አለችና ቦርሳዋን አነሣች።

የመጀመሪያው ብርጭቆ የሞላ ዕለት ሽምብራውን ቆልታ በልተነዋል፤ ቡናውም ስኳር አልነበረበትም። ሁለተኛው ብርጭቆ አሁን ከግማሽ አልፏል።